የካፖርትሽ ዘርፍ

ልጆቹ ዕቃሽን ለይተው በካርቶን ሲያሽጉት፣
"ይህ ለጎረቤት ይሁን፣ ይሄ አርጅቷል፣ ጣሉት"
ሲባባሉ፣ ካፖርትሽን ሰረቅሁ፤ ከአልጋ ሥር ወሸቅሁት።
ፔሪና፣ አትቆጪ፤
ሌባ ሆንሁ በሰማንያ ስድስት ዓመት።

በፎቶ ነው የታጨሽልኝ፤ ፎቶውም የእኔ አልነበረ፤
የወንድሜን ልኬልሽ ነው፣ እሱ በመልክ ስላማረ።
ከመርከብ ወርደሽ አየሽኝ፤ ፎቶውን አየሽ መልሰሽ፤
"ጆሯችሁስ ይመሳሰላል" አልሽ፣
ሻንጣሽን አስይዘሽኝ፣ ስቀሽ።

ወደ ዓለም ጫፍ ነው ያመጣሁሽ፣ ወደ ፑንታ አሬናስ፤
ሰው በመንገድ ገመድ ይዞ የሚሄድበት፣ ሲነሣ ነፋስ።
አንድሮ አራት ዓመት ሲሞላው ከደጅ ወሰደው ነፋሱ፤
አጥር ላይ ተለጥፎ አገኘሽው፣ እየሳቀ ለራሱ።
አንቺ ግን አልሳቅሽም።
ያን ሌሊት ከመረቤ ላይ እርሳሱን ፈልቅቀሽ ለቅመሽ
በልጆቹ ካፖርት ዘርፍ ሰፋሽው፣ ኩራዝ አብርተሽ።
በማጌላን ወሽመጥ መረቤ ተንሳፈፈ፤ ዓሣው አለፈ ከሥሩ፤
"ሌባ!" ብዬ ጎረቤት ከሰስሁ፤ ምስኪኖቹ ሲምሉ አደሩ።

ፊደል አልቆጠርሽም፤ እርሳስ ግን ነበረ በእጅሽ፣ የማይጽፍ፤
በዚያ ነው ምድር ላይ የጻፍሽን፣ ነፋስ እንዳይሰርዘን ሲያልፍ።

ዞርካ በሳል ሄደች፣ በሁለት ዓመቷ። ስለ እሷ አላወራንም።
ካፖርቷ ከመሳቢያው ውስጥ አለ፤ ያንን ልጆቹም አልነኩም።

ሠላሳ ክረምት ከሱፍ መጋዘን፣ የበግ ጸጉር ስትለዪ፣
ከጣትሽ ቅባቱ ሳይለቅ፣ እሑድ ቅዳሴ ስትታዪ፣
በእስፓኝኛ ትገበያያለሽ፣ በእኛ ቋንቋ ትቆጥሪ ነበር፤
ስድቡን ግን ከሁለቱም ነው፣ ምርጥ ምርጡን፣ ያለ ድንበር።

የልጅ ልጅሽ ኖኤሊያ፣ ከሳንቲያጎ፣ ከትልቁ ከተማ፣
"ኖና፣ እርሳሱን አውጪልኝ፣ ሰው ይስቃል" ብትል፣ ማን ሊሰማ!
"ነፋስ የሌለው አገር የለም፤ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤
ዛሬ የከበደሽ ነገር፣ ያን ለት ያስፈልግሻል።"
ባሏ ትቷት የሄደ ሰሞን ያንን ካፖርት ለብሳ መጣች፤
ምንም አላለች፤ ዘርፉን ጨብጣ ከአጠገብሽ ተቀመጠች።
አንቺም ምንም አላልሽ። ድንች መላጥሽን ቀጠልሽ፤
ግማሹን ወደ እሷ ገፋሽ፣ ቢላዋም ጨምረሽ።

የቀበርንሽ ቀን ነፋሱ ቆመ ቢሉሽ፣ ውሸት ነው፤
የቄሱን ቆብ ይዞት ሄደ፤ ብታዪ በሳቅ መሞትሽ ነው።
(ምን አልሁ? ይቅር በዪኝ።)

ትናንት ማታ መነጽሬን አድርጌ፣ ምላጭ ይዤ ተቀመጥሁ፤
የካፖርትሽን ዘርፍ፣ ክር በክር ተረተርሁ።
እርሳስ መስሎኝ ነበር፤ ከጭኔ ላይ ወደቀ ጠጠር፤
ነጭ፣ ልሙጥ፣ በብራች ደሴት ከአባትሽ ጀልባ ሥር የነበር።
ሰባት ናቸው። ሁለቴ ቆጠርሁ።

ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ክንዴን ይዘሽ ስትሄጂ
መልሕቋ እኔ ነኝ እል ነበር፤ አንቺ አላልሽም እንጂ።
አልተቀየምሁም። ትንሽ ብቻ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ይፈቀድልኝ።
አገርሽን በዘርፍሽ ሰፍተሽ ነው፣ እንደዚያ ጸንተሽ የያዝሽኝ።

ስድስቱን መልሼ ሰፋሁ፤ ስፌቴን ታውቂዋለሽ፣ ጠማማ ነው።
ሰባተኛው በእኔ ኮት ነው።
ነገ ብርቱ ነፋስ አለ ይላል ራዲዮው። ዳቦ ልገዛ እወጣለሁ፤
ገመዱን ሳልይዝ እሄዳለሁ።